የቁርኣን አያዎች ስንት ናቸው?

  

ቁርኣን ስንት አያ አለው ብላችሁ ሦስት ሰው ብትጠይቁ ሦስት መልስ ልታገኙ ትችላላችሁ። አንዱ 6236 ይላችኋል። ሌላው፣ በሰሜን አፍሪካ የቀራ ሰው ከሆነ፣ 6214 ሊል ይችላል። ሦስተኛው 6666 ነው ብሎ ይደመድማል፤ ብዙ ጊዜ ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚናገረውም እሱ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዎች ቁጥራቸው ቢለያይም ሁለቱም ትክክል ናቸው። የሦስተኛው ቁጥር ግን መሠረት የለውም። ይህን ነገር እቤታችን ቁጭ ብለን ካላጠራነው ልጆቻችን ተጣሞ ከሌላ ሰው አፍ ይሰሙታል።

ነገሩ የሚጀምረው እንዲህ ነው። ሁለት ሙስሐፎች ጎን ለጎን ይዘረጋሉ። በአንዱ ሱረቱል በቀራህ 286 አያ ናት፣ በሌላው 285። አንዷ አያ የት ገባች? ለዚህ ጥያቄ ብዙዎቻችን ቶሎ ብለን የምንሰጠው መልስ «የማተሚያ ቤት ስህተት ነው» የሚል ነው። ይህ መልስ ከጥያቄው የባሰ ነው። እውነት ካለመሆኑም በላይ፣ ልጁ ነገ አድጎ በታላላቅ ቃሪኦች ተመርምሮ በታተመ ሙስሐፍ ላይ ያንኑ 285 ሲያገኝ፣ ወይ በሙስሐፉ ወይ በእኛ መጠራጠሩ አይቀርም። ቁርኣን ተበርዟል ለሚሉ ሰዎችም በር የምንከፍተው በዚህ ዓይነቱ የግብር ይውጣ መልስ ነው።

ከ285ቱ ሙስሐፍ የጎደለ አያ የለም። አያዎቹ የሚቋረጡበት ቦታ ነው የተለያየው። ሰባት ሜትር ጨርቅ በሰባት ቦታም በስምንት ቦታም ምልክት ቢደረግበት ጨርቁ ያው ሰባት ሜትር ነው።

በሰይዲና ዑስማን (ረ.ዐ) ዘመን ተጽፈው ወደየከተሞቹ የተላኩት ሙስሐፎች የአያ ቁጥር አልነበረባቸውም። ዛሬ በየአያው መጨረሻ የምናያት ክብ ጌጥ ቁጥሯን ይዛ የመጣችው ኋላ ነው። የአያ መጨረሻ የሚታወቀው በጆሮ ነበር። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲቀሩ በየአያው መጨረሻ ይቆሙ እንደነበር እናታችን ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) አስተላልፈዋል። ሰሃቦችም የቆሙበትን እየሰሙ፣ እያንዳንዷ አያ የት እንደምታልቅ ያዙ። ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ? በ911 ሂጅራ የሞቱት ኢማም አስ-ሱዩጢ በኢትቃን መጽሐፋቸው ያሰፈሩት ማብራሪያ ለእኔ ከሁሉ የቀለለ ነው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) የአያው መጨረሻ እንዲታወቅ በአያው ጫፍ ላይ ይቆማሉ፤ ቦታው ከታወቀ በኋላ ግን ሐሳቡ እንዲሟላ ሲሉ ከሚቀጥለው ጋር አያይዘው ይቀራሉ። ይህን ሁለተኛውን የሰማ ሰው ያ ቦታ የአያ መጨረሻ አይደለም ብሎ ይይዛል። የመጀመሪያውን የሰማው ደግሞ ነው ብሎ ይይዛል። ሁለቱም የሰሙትን ለተማሪዎቻቸው አስተላለፉ።

ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ከተማ የራሱን ሰንሰለት ጠበቀ። ኩፋዎች ከአቡ ዐብዱረሕማን አስ-ሱለሚ፣ እሳቸውም ከሰይዲና ዐሊይ (ረ.ዐ) የወረሱትን ያዙ፤ የኩፋ ድምር 6236 ነው። በስራ የዓሲም አል-ጀሕደሪን ይዛ 6204 ቆጠረች። መዲና ሁለት ቆጠራ አላት፤ የፊተኛውና የኋለኛው ይባላሉ፤ የኋለኛው 6214 ነው። የመካና የሻምም የየራሳቸው አላቸው። በ444 ሂጅራ የሞቱት የአንደሉሱ ዓሊም አቡ ዐምር አድ-ዳኒ ይህን ሁሉ በአንድ ኪታብ ሰብስበውታል። ከስድስት ሺህ በላይ በመሆኑ ላይ ሁሉም ይስማማሉ፤ ልዩነቱ ከሁለት መቶ በላይ ባለው ቁራጭ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ኢማም አሽ-ሻጢቢ (590 ሂጅራ) ተማሪ በቃሉ እንዲይዘው ብለው ይህንኑ ዕውቀት ናዚመቱ አዝ-ዙህር በተባለ ግጥም አቀናብረውታል። እንግዲህ ይህ ነገር ተደብቆ የኖረ ምስጢር አይደለም፤ ሕፃናት በግጥም ያጠኑት ትምህርት ነው። እኛ ዘንድ ብዙ አለመነገሩ ነው እንግዳ ያደረገው።

ከሱረቱል ፋቲሓ እንጀምር። ሁላችንም በየቀኑ ከአሥራ ሰባት ጊዜ ያላነሰ እንቀራታለን። ሰባት አያ በመሆኗ ላይ አንድም ከተማ አልተለየም፤ አላህም በሱረቱል ሒጅር ለነብዩ ተደጋጋሚ የሆኑ ሰባት እንደሰጣቸው ነግሮናል። ግን ሰባቱ የትኞቹ ናቸው? የመካና የኩፋ ሰዎች ቢስሚላሂን አንደኛ አያ ያደርጓታል። የመዲና፣ የበስራና የሻም ሰዎች አይቆጥሯትም፤ ለእነሱ አንደኛዋ አልሐምዱ ናት። ታዲያ አንድ አያ አይጎድልባቸውም? አይጎድልም። እኛ አንድ አድርገን የምንቀራትን የመጨረሻዋን ረጅም አያ ዐለይሂም በሚለው የመጀመሪያ ቃል ላይ ቆርጠው ሁለት ያደርጓታል። በዚያም በዚህም ሰባት ናት።

ይህ የወረቀት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በኢማም አሽ-ሻፊዒይ መዝሀብ ቢስሚላሂ የፋቲሓ አያ ስለሆነች ያለሷ ሰላት አይሟላም። በኢማም ማሊክ መዝሀብ ደግሞ በፈርድ ሰላት ቢስሚላሂ አትቀራም። ስለዚህ በሰሜን አፍሪካ ወይም በአውሮፓ ከተሞች የሞሮኮና የአልጄሪያ ወንድሞች በሚያሰግዱበት መስጊድ የሰገደ ኢትዮጵያዊ፣ ኢማሙ ከአላሁ አክበር ቀጥታ ወደ አልሐምዱ ሲገባ ቢሰማ «ፋቲሓውን አጎደለው» ማለት የለበትም። ሰውየው ሰባቱንም ቀርቷል፤ በሌላ ቆጠራ ነው እንጂ።

አየተል ኩርሲን ደግሞ እንውሰድ። በእጃችን ባሉት አብዛኞቹ ሙስሐፎችና በአማርኛው ትርጉም 2፡255 ናት። የመዲናን የኋለኛ ቆጠራ በሚከተል የወርሽ ሙስሐፍ ግን፣ ለምሳሌ በመዲናው የንጉሥ ፋህድ ማተሚያ በወርሽ ሪዋያ በታተመው፣ በ255 ላይ ብትፈልጓት አታገኟትም። 253 ላይ ትጀምራለች። ከዚህም የበለጠ የሚያስገርመው ቀዩም በሚለው ቃል ላይ አንድ አያ አልቆ ቀሪው 254 ይሆናል፤ እኛ አንድ አያ የምንላት እዚያ ሁለት ናት። ስሌቱን ተከታተሉ፤ ደስ ይላል። አሊፍ ላም ሚም ለብቻዋ አያ የምትሆነው በኩፋ ብቻ ነው፤ በመዲና ከሚቀጥለው ጋር ትያያዛለች፤ አንድ ቀነሰ። በእኛ 200ኛ የሆነችው፣ ኸላቅ በሚለው ቃል የምታበቃዋ አያ፣ በመዲናው የኋለኛ ቆጠራ እዚያ ላይ አትቆምም፤ ሌላ አንድ ቀነሰ። ስለዚህ 255 ወደ 253 ወረደ። ቀዩም ላይ ደግሞ አንድ ስለተጨመረ የሱራዋ ድምር ከ286 ወደ 284 መውረዱ ቀርቶ 285 ሆነ። ያቺ ጠፋች የተባለችው አንዷ አያ እንግዲህ ይህች ናት። ፊደል አልተነካም።

የፊደላቱ ነገር ራሱ ትልቅ ማስረጃ ነው። ኩፋዎች አሊፍ ላም ሚምን፣ ጣሃን፣ ያሲንን፣ ሓ ሚምን አያ አድርገው ይቆጥራሉ። አሊፍ ላም ራን ግን አይቆጥሩም። ያሲንን ቆጥረው በሱረቱ ነምል መጀመሪያ ያለችውን ጣ ሲንን ይተዋሉ። ሷድን፣ ቃፍንና ኑንንም አይቆጥሩም። በሱረቱ ሹራ ላይ ሓ ሚም አንድ አያ፣ ዐይን ሲን ቃፍ ሌላ አያ ነው። ይህን ቆጠራ ሰው ተቀምጦ በራሱ አእምሮ ያወጣው ቢሆን ኖሮ ሁሉንም በአንድ ደንብ ባስኬደው ነበር። ደንብ የለውም፤ የተሰማ ነውና እንደተሰማ ተቀመጠ። የቁጥር ልዩነቱን የጥርጣሬ ምክንያት የሚያደርግ ሰው ይህን ቢያስተውል ኖሮ መታመኛ ባደረገው ነበር።

ሐዲስ ላይ ቁጥር ሲመጣስ? ሱረቱል ሙልክ ሠላሳ አያ ያላት፣ ለባለቤቷም የምታማልድ ሱራ መሆኗ በቲርሚዚና በአቡ ዳውድ ተዘግቧል። በኩፋ ቆጠራ 30 ናት። በመካና በመዲናው የኋለኛ ቆጠራ ግን በእኛ 9ኛ አያ ውስጥ ነዚር የሚለው ቃል ላይ አያ ስለሚያልቅ 31 ትሆናለች። 31 ያሉት ሰዎች ሐዲሱን አልጣሉም፤ ሱራዋንም አላስረዘሟትም። የሱረቱል ከህፍ ድምር በመዲና 105፣ በኩፋ 110፣ በበስራ 111 ነው። ከደጃል ይጠብቃሉ የተባሉት የመጀመሪያዎቹ አሥር አያዎች ላይ ግን ሁሉም አንድ ናቸው፤ ልዩነቶቹ የሚጀምሩት ከዚያ በኋላ ነው። እነዚህን አሥሩን ልጆቻችሁን የምታስሐፍዙ ወላጆች በየትኛውም ሙስሐፍ አትቸገሩም።

አሁን ወደ 6666 ልመለስ። ይህ ቁጥር በብዙ አገር የሚነገር ነው፤ ሲከፋፈልም እንዲህ ይባላል፦ ሺህ የተስፋ፣ ሺህ የማስፈራሪያ፣ ሺህ የትእዛዝ፣ ሺህ የክልከላ፣ ሺህ የታሪክ፣ ሺህ የምሳሌ፣ 500 የሐላልና ሐራም፣ 100 የዱዓ፣ 66 ደግሞ የናሲኽና መንሱኽ። ለጆሮ ያምራል፤ ለማስታወስም ይመቻል። የሁሉም ከተሞች ቆጠራ ተደርድሮ ከፍተኛው የኩፋው 6236 ነው። በሱራዎች መግቢያ ላይ ያሉትን ያልተቆጠሩ 112 ቢስሚላሂዎች ብትጨምሩበት እንኳን 6348 ነው። ከ6666 ለመድረስ ገና ከ300 በላይ ይጎድላል። ይህን ቁጥር በሚንበር ላይ የሚናገር ሰው አንድም ጊዜ አልቆጠረም ማለት ነው፤ ሺህ ምሳሌዎችንም ፈልጎ አያውቅም። ወጣቱ ቤቱ ሄዶ የየሱራውን አያ ደምሮ 6236 ሲያገኝ፣ «ቀሪዎቹ 430 አያዎች የት ሄዱ?» ቢለን ምን ልንለው ነው? ለማስዋብ ተብሎ የተጨመረው ቁጥር የጎደለ ቁርኣን ያለ አስመሰለ።

ቁጥሩ የሚለያይባቸው ሌሎች ኅትመቶችም አሉ፤ እነዚህ ግን ከላይ ካልነው ሰንሰለት ውጭ ናቸው። ጀርመናዊው ጉስታቭ ፍሉገል በ1834 እ.ኤ.አ. በላይፕሲግ ያሳተመው ቁርኣን ከየትኛውም ከተማ ጋር የማይገጥም የራሱን ቁጥር ሰጠ። የአውሮፓ ምሁራን መቶ ዓመት ያህል የጠቀሱት በእሱ ቁጥር ነው። ስለዚህ በቆየ የፈረንጅ መጽሐፍ አየተል ኩርሲ 2፡256 ተብላ ብታገኟት አትደነቁ። አሕመዲያዎች በሚያሳትሙትም 256 ናት፤ የእነሱ ምክንያት ሌላ ነው፤ ቢስሚላሂን በየሱራው አንድ ብለው ስለሚጀምሩ ነው።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ የመጣው ለሚከተለው ነው። ባለፉት አሥርት ዓመታት «የቁርኣን የቁጥር ተአምር» የሚሉ መጽሐፍትና ትንንሽ ጽሑፎች ገበያውን ሞልተዋል። የሚጽፏቸው ሰዎች አብዛኞቹ ቅን ናቸው፤ ዲናቸውን ለመርዳት ብለው ነው። ግን በእጃቸው ያለው ሙስሐፍ በየትኛው ቆጠራ እንደተቆጠረ ሳይጠይቁ ነው ስሌት የሚጀምሩት።

የብረቱን ምሳሌ እንይ። በጣም የተወደደ ነው። ሱረቱል ሐዲድ ላይ ብረት የተወሳባት አያ 25ኛ ናት፤ ከቢስሚላሂ ጋር 26 ትሆናለች፤ የብረት የአቶም ቁጥር ደግሞ 26 ነው ይባላል። የአቶም ቁጥሩ እውነት ነው። አያዋ 25ኛ የሆነችው ግን በኩፋ ቆጠራ ብቻ ነው። በእኛ 13ኛ የሆነችው፣ ዐዛብ በሚለው ቃል የምትጨርሰው አያ፣ በሌሎቹ ከተሞች ከ14ኛዋ ጋር አንድ ናት። ስለዚህ በመዲና፣ በመካ፣ በበስራና በሻም የብረት አያ 24ኛ ናት። ከቢስሚላሂ ጋር 25። 25 የማንጋኒዝ ቁጥር ነው! ይህን ተአምር ብሎ ለተማሪው ያስተማረ መምህር፣ የወርሽ ሙስሐፍ የያዘ ተማሪ ሲያጋጥመው ምን ይመልሳል? ከሁሉ የሚያሳዝነው ሌላ ነው። ያቺ አያ መልእክተኞች ከመጽሐፍና ከሚዛን ጋር የተላኩት ሰዎች በፍትሕ እንዲቆሙ መሆኑን የምትናገር ናት። ከቁጥሩ ጽሑፍ አንባቢዎች መካከል ስንቱ ፍትሕን፣ ስንቱ የብረትን ቁጥር ያስታውሳል?

ይህ መንገድ መጨረሻው የት እንደሚያደርስ ያየነው በረሻድ ኸሊፋ ነው። ግብፅ የተወለደው በአሜሪካ አሪዞና ቱሳን ከተማ ይኖር የነበረው ይህ የባዮኬሚስትሪ ሰው ቁርኣን ሁሉ በ19 ቁጥር ላይ የተገነባ ነው አለ። መጀመሪያ ላይ ብዙ ሙስሊም አጨበጨበለት። ስሌቱ እምቢ ሲለው ግን ስሌቱን አልተወም፤ የሱረቱ ተውባን የመጨረሻ ሁለት አያዎች፣ 128ኛዋንና 129ኛዋን፣ «የተጨመሩ ናቸው» ብሎ አወጣቸው። 6236 ሁለት ሲቀነስ 6234፤ 112 ቢስሚላሂ ሲጨመር 6346፤ ለ19 ይካፈላል። ኋላም እኔ የአላህ መልእክተኛ ነኝ አለ። በጥር 1990 እ.ኤ.አ. ተገደለ።

ምክንያት ያደረገው ዘይድ ኢብኑ ሳቢት (ረ.ዐ) ቁርኣንን ሲሰበስቡ የተውባን መጨረሻ ያገኙት ከአንድ አንሷሪ ሰሃባ ዘንድ ብቻ መሆኑን ነው። ግን ዘይድ ያጡት በጽሑፍ ነበር፤ በልባቸውማ ያውቋት ነበር፤ ባያውቋትማ ምን ብለው ይፈልጓት ነበር? ከዚያ ወዲህ የኩፋም፣ የመዲናም፣ የበስራም፣ የሻምም ሰው በቁጥር ሲለያይ ኖሮ እነዚህን ሁለት አያዎች ከቁርኣን ያወጣ አንድም የለም። አንዱ አያ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ተለያዩ፤ ቃሉ ላይ አልተለያዩም። ረሻድ ኸሊፋ የተገላቢጦሽ ሄደ፤ ለቁጥር ሲል ቃሉን ቆረጠ።

በነገራችን ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ እባካችሁ ማንም አዲስ መጽሐፍ እንዳይጽፍበት! በመዲናው የኋለኛ ቆጠራ 6214 አያዎች አሉ። በዚያ ቆጠራ ቢስሚላሂ በፋቲሓም አትቆጠርምና ያልተቆጠሩት ቢስሚላሂዎች 113 ናቸው። ደምሩት፤ 6327 ይሆናል። ለ19 አካፍሉት፤ በትክክል 333 ይደርሳል። አንድም አያ ሳይቆረጥ! ሰውየው ሁለት አያ የቆረጠበት ነገር በሌላ ከተማ ቆጠራ ሳይቆረጥ ተገኘ ማለት ነው። የበስራውን 6204 ስትወስዱ ደግሞ አይካፈልም። ብዙ ቆጠራ ባለበት አንዱ ለ19 መካፈሉ፣ ሌላው ለ7፣ ሌላው ለ11 መካፈሉ የማይቀር ነው። ዕጣ የሚጣልበት ነገር ተአምር አይባልም።

አንዳንዶች ደግሞ በተቃራኒው «እንግዲያው ቁጥሩን ከሙስሐፍ እናውጣ» ይላሉ። አልስማማም። ቁጥሩ ለሐፊዙ፣ ለመምህሩና ማስረጃ ለሚፈልግ ሰው ትልቅ አገልግሎት ነው። በ1924 እ.ኤ.አ. ካይሮ ላይ በንጉሥ ፉአድ ዘመን የታተመው ሙስሐፍ የኩፋን ቆጠራ ስለያዘ፣ ዛሬ አብዛኛው ዓለም በአንድ ቁጥር ይግባባል። የመዲናው ማተሚያ በ1984 እ.ኤ.አ. ከተከፈተ ወዲህ የሚያወጣው የሐፍስ ሙስሐፍም በዚያው ሄደ። የሁለቱም አዘጋጆች ያስመሰገናቸው ሌላ ነገር አለ፤ የማንን ቆጠራ እንደተከተሉ፣ ከየትኛው ኪታብ እንደወሰዱ፣ ድምሩም 6236 መሆኑን ከሙስሐፉ ኋላ ጽፈዋል። ዛሬ ማታ ሙስሐፋችሁን ከመጨረሻው ገጽ ገልጣችሁ ዐረብኛ ለሚያነብ ልጃችሁ ስጡት፤ ራሱ ያገኘዋል። ከሙስሐፍ በቀር ሌላው ግን፣ ትርጉሙም፣ የዱዓ መጽሐፉም፣ የግድግዳ ወረቀቱም፣ ቁጥሩን ያስቀምጣል እንጂ የማን ቆጠራ እንደሆነ የሚናገረው ጥቂቱ ነው። ጉድለቱ እዚህ ላይ ነው።

መጽሐፍትና በራሪ ጽሑፎች የምታዘጋጁ ወንድሞችና እህቶች፣ ከእናንተ የምንፈልገው ጥቂት ነው። አያ ስትጠቅሱ ከቁጥሩ ጋር የሱራውን ስምና የአያውን መነሻ ቃል ጻፉ፤ አንባቢው የትኛውንም ሙስሐፍ ቢይዝ ያገኛታል። በመጽሐፉ መጀመሪያ ላይ ደግሞ «በዚህ መጽሐፍ የአያዎች ቁጥር በኩፋ ቆጠራ ነው» የሚል መስመር አስገቡ። ከአንድ መስመር አይበልጥም፤ ወረቀትም አያስወድድባችሁም።